በደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ካቴተር እንዴት ይመረጥ? ባክቴሪያ የሚጣበቅበትን መንገድ መነሻ ያደረገ ንጽጽር

አንድ አስታማሚ የማዘዣ ወረቀት ይዞ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ቆሟል። የታዘዘው የኩላሊት እጥበት ካቴተር ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ባለሙያ «ጊዜያዊው ነው ቋሚው?» ትለዋለች፤ የሁለቱ ዋጋ ደግሞ በብዙ እጥፍ ይራራቃል። ሐኪሙ ጋ ይደውላል፣ ስልኩ አይነሣም፤ በመጨረሻ ኪሱ የፈቀደውን ገዝቶ ይመለሳል። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጀው የሆስፒታል ግዢ ኮሚቴም በሌላ መልኩ እዚያው ግራ መጋባት ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ናሙናዎች ሁሉ ቀጭን ቱቦዎች ናቸው፣ በየማሸጊያቸው ላይም ኢንፌክሽንን ስለመከላከል አንድ ነገር ተጽፏል።

ይህ መመሪያ ለሁለቱም የታሰበ ነው። የማንንም አምራች ስም አያነሣም፤ የሚያነጻጽረው የካቴተር ዓይነቶችን ነው። መለኪያዎቹ የወጡትም ባክቴሪያ ካቴተር ላይ ከሚጣበቅበት መንገድ ስለሆነ፣ ከእሱ መጀመር ግድ ይላል።

ባክቴሪያ እንዴት ይጣበቃል?

ካቴተር ደም ሥር ውስጥ ከገባ በኋላ ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች፣ በተለይ ፋይብሪኖጅን፣ ፋይብሮኔክቲንና አልቡሚን፣ ገጹን ወዲያው ይለብሱታል፤ ዘግይቶ የሚደርስ ባክቴሪያ የሚያገኘው ይህን ልባስ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ፋይብሪኖጅንንና ፋይብሮኔክቲንን ለይተው የሚጨብጡ ፕሮቲኖች በገላው ላይ ስላሉት ልባሱ መከላከያ ሳይሆን መያዣ ይሆንለታል። በቆዳችን ላይ ጉዳት ሳያደርስ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ደግሞ ፕሮቲን የለበሰውንም ባዶውንም ፕላስቲክ ይይዛል። የመጀመሪያው ንክኪ ደካማ ነው፤ የደም ፍሰት ሊያጥበው ይችላል። ባክቴሪያው ጥቂት ጊዜ ካገኘ ግን በፕሮቲኖቹ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፣ ይባዛል፣ ከዚያም ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ሙጫ አመንጭቶ ራሱንና ጎረቤቶቹን ይሸፍናል። ይህ ሽፋን ባዮፊልም ይባላል።

ለሳምንታት ውሃ የተቀመጠበት ጀሪካን ውስጥ ጣቱን አስገብቶ ግድግዳውን የነካ ሰው ባዮፊልምን ያውቀዋል፤ እጁን ያሟለጨው እሱ ነው። ጀሪካኑን በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ያን ልጥልጥ እንደማያስለቅቀው ሁሉ፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክም ካቴተሩ ላይ የሠፈረውን ባዮፊልም ብቻውን ጠርጎ ለማውጣት ይቸገራል። በሽፋኑ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነጻ ሆኖ ከሚንሳፈፈው ይልቅ ከ100 እስከ 1000 እጥፍ የሚደርስ የመድኃኒት ክምችት ሊቋቋም ይችላል፤ ያን ያህል መድኃኒት ደግሞ ለሰው አይሰጥም። ታካሚው አንቲባዮቲክ ሲጀምር ትኩሳቱ ለቅቆት፣ መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በደም ሥር ውስጥ ከቆየ ካቴተር ዙሪያ የረጋ ደም ክሮች ተሸምነው እንደ ሰገባ የሚሆኑበት ጊዜም አለ። ይህ ሰገባ ለባክቴሪያ ተጨማሪ መሸሸጊያ ስለሚሆን፣ ደም የሚያረጋ ካቴተር ኢንፌክሽንም ይጋብዛል።

ባክቴሪያ ወደ ካቴተሩ የሚደርስባቸው ዋና በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቆዳው የተወጋበት ቦታ ነው፤ ባክቴሪያው በካቴተሩ የውጭ ገጽ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሁለተኛው መርፌና ቱቦ የሚገጠምበት የካቴተሩ አፍ ነው፤ ከሠራተኛው እጅ ወይም ካልተወለወለ አፍ የገባው ባክቴሪያ የቱቦውን የውስጥ ገጽ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንት ዐሥር ቀናት የሚያይለው የቆዳው በር ሲሆን፣ ካቴተሩ በቆየ ቁጥር ግን የአፉ በር ይበልጣል። በሌላ የሰውነት ክፍል ካለ ኢንፌክሽን በደም ተጉዞ መድረስና በተበከለ ፈሳሽ መግባትም አሉ፤ ከሁለቱ ያነሱ ናቸው።

የበሮቹን ልዩነት አጉልቶ የሚያሳይ አንድ የላቦራቶሪ ሥራ አለ። የተነቀለው ካቴተር ጫፍ 5 ሳንቲሜትር ያህል ተቆርጦ በደም አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ምግብ) ሳህን ላይ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፤ በማግስቱ 15 ወይም ከዚያ በላይ የባክቴሪያ ጉብታ ከበቀለ ካቴተሩ ባክቴሪያ ሠፍሮበታል ይባላል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1977 ያስተዋወቀው ዴኒስ ማኪ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። የሚንከባለለው ግን የውጭው ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ለወራት በቆየ ካቴተር ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያለው ባዮፊልም ሊያመልጥ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ካቴተር የሚመጣን «ጫፉ ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት በጥንቃቄ መቀበል የሚገባውም ለዚህ ነው።

መለኪያዎቹ

ከላይ ከተባለው አምስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያውና ትልቁ ካቴተሩ ለስንት ቀን ይፈለጋል የሚለው ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለባክቴሪያ ተጨማሪ ዕድል ነውና። ሁለተኛው በካቴተሩ ምን ይገባል የሚለው ነው፤ የደም ሥርን የሚያቃጥል የካንሰር መድኃኒት፣ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ዴክስትሮዝ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ሙሉ ምግብ በክንድ ትንሽ ደም ሥር አይሰጥም። ሦስተኛው ካቴተሩ ስንት አፍ አለው፣ በቀን ስንት ጊዜስ ይከፈታል የሚለው ነው። አራተኛው ማን ይንከባከበዋል የሚለው ነው። አምስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ነገ የትኛው ደም ሥር ያስፈልገዋል የሚለው ነው፤ ኩላሊቱ እየደከመ ላለ ሰው ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል።

ዋጋን ለብቻው መለኪያ አላደረግሁም። የካቴተር ዋጋ በደረሰኙ ላይ ያለው ብቻ ሳይሆን፣ ኢንፌክሽን ቢከተል የሚመጣው የአልጋ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒትና የሁለተኛ ካቴተር ወጪ የሚጨመርበት ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የኢንፌክሽን ቁጥሮች፣ ማኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 200 ጥናቶችን ሰብስበው ካወጡት ግምገማ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ካቴተር በታካሚ ውስጥ በቆየበት በ1000 ቀን የታየውን የደም ኢንፌክሽን ብዛት ይገልጻሉ። ጥናቶቹ በብዛት የሀብታም አገር ሆስፒታሎች ስለሆኑ ለእኛ ክፍሎች ቁጥሩን ሳይሆን ደረጃውን መውሰድ ይሻላል። የባክቴሪያው ዓይነትም ይለያል፤ በእነሱ ዘንድ የቆዳ ስታፊሎኮከሶች ሲያይሉ፣ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ሆስፒታሎች እንደ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር ያሉ፣ ከእጅና ከእርጥብ ቦታ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ድርሻቸው ከፍ ያለ ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ካኑላ።* በየዎርዱ በቀለሙ የሚጠራው፣ ሮዙ 20፣ ሰማያዊው 22፣ ቢጫው 24 ቁጥር የሆነው የክንድ ካቴተር ነው። የደም ኢንፌክሽን መጠኑ በ1000 ቀን 0.5 ነው፤ ዝቅተኛ ቢሆንም በሆስፒታል ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚተከለው ይኸው ስለሆነ ጠቅላላ ጉዳቱ አይናቅም። እስከ 5 ቀን ለሚዘልቅ፣ ደም ሥር ለማያቃጥል ሕክምና ከእሱ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። በየሦስት ቀኑ የግድ ይቀየር የሚለው ልማድ በአውስትራሊያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ትልቅ ጥናት ተፈትሿል፤ ቦታው ሲቀላ፣ ሲያም ወይም ሲያብጥ ብቻ መቀየር በደም ሥር መቆጣት ረገድ ልዩነት አላመጣም። ይህ ግን በየፈረቃው ቦታውን የሚያይ ሰው ካለ ነው፤ ከሌለ የቀን ገደቡ ይሻላል። በድንገተኛ ክፍል በጥድፊያ፣ ቆዳው በአግባቡ ሳይጸዳ የተተከለ ካኑላ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀየር ይገባል።

*ሚድላይን።* ከክርን በላይ ገብቶ ጫፉ ብብት አካባቢ የሚያበቃ፣ ከካኑላ የረዘመ ካቴተር ነው። መጠኑ 0.2፣ የሚመከርበት ጊዜ እስከ 14 ቀን ነው፤ የሚያቃጥል መድኃኒት አይሰጥበትም። የሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ ለታዘዘለትና ካኑላ እየተነቀለ ስድስትና ሰባት ጊዜ ለሚወጋ ሰው እጅግ ተስማሚ ነበር፤ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ዕቃ አለመሆኑ ያሳዝናል። የግዢ ኮሚቴዎች ቢያስቡበት እላለሁ።

*ፒክ።* ከላይኛው ክንድ ገብቶ ጫፉ ልብ አጠገብ ካለው ትልቅ ደም መልስ የሚደርስ ነው፤ የሚያቃጥል መድኃኒትም ይሰጥበታል፣ ለሳምንታትም ይቆያል። ቤታቸው ሆነው በሚታከሙ ሰዎች 1.0 የሆነው መጠን በሆስፒታል በተኙት 2.1 ደርሷል። የተኙት የባሰ የታመሙ መሆናቸው አንድ ነገር ሆኖ፣ ካቴተሩ በብዙ እጅ በቀን ብዙ ጊዜ መከፈቱም ሌላ ነው። የክንድን ደም ሥር በረጋ ደም የመዝጋት ጠባይ ስላለው፣ የኩላሊት ሕመም ላለበትና ወደፊት ፊስቱላ (ለእጥበት ሲባል በቀዶ ሕክምና የሚጋጠም የክንድ ደም ሥር) ሊያስፈልገው ለሚችል ሰው መትከል ነገውን መውሰድ ነው።

*አጭር ጊዜ የሚቆይ ማዕከላዊ ካቴተር።* በጽኑ ሕሙማን ክፍል በአንገት፣ ከአንገት በታች ባለው አግዳሚ አጥንት ሥር ወይም በብሽሽት የሚገባው ነው። መጠኑ 2.7 ነው። እዚህ ላይ ከካቴተሩ ይልቅ የሚገባበት ቦታ ያከራክራል። በፈረንሳይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሦስቱን ቦታዎች በዕጣ አነጻጽሮ፣ የደም ኢንፌክሽንና ምልክት ያሳየ የደም መርጋት ተደምረው በ1000 ቀን ከአግዳሚው አጥንት ሥር 1.5፣ በአንገት 3.6፣ በብሽሽት 4.6 ሆነው አግኝቷል። ነገሩ ግን በነጻ አልመጣም፤ ደረት ውስጥ ቱቦ ማስገባት ያስፈለገው የሳንባ መበሳት ከአጥንቱ ሥር በተተከሉት 1.5 በመቶ፣ በአንገት 0.5 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ በአልትራሳውንድ እየታየ በአንገት መትከል የለመደ ሐኪም ያለበት ክፍል፣ በወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ብሎ ወደማይለምደው ቦታ መሄድ የለበትም። ብሽሽት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የአፎቹም ቁጥር ከሚያስፈልገው በላይ አይሁን፤ ሦስት አፍ ያለው ካቴተር ተገዝቶ ሁለቱ አፎች ያለ ሥራ ሲቀመጡ፣ ባክቴሪያ ሁለት ሥራ የሌላቸው በሮች አገኘ ማለት ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ሌሊት ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። የታካሚው መድኃኒት አልቆ ቱቦው ተነቅሏል፤ የካቴተሩ ክዳን ግን አልተገኘም። አፉ በአንሶላው ላይ ተጋድሞ፣ የጓንት ጣት ተቆርጦ ተሸፍኖበታል። ካቴተሩ ውድ ከሚባሉት፣ መድኃኒት ከተቀባባቸው አንዱ ነበር። የጎደለው ከሁሉ የሚረክሰው ክዳን ነው።

*የኩላሊት እጥበት ካቴተሮችና ፊስቱላ።* እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ቤተሰብ በራሱ ገንዘብ የሚመርጥበት ቦታ ይህ ነውና። ጊዜያዊው የእጥበት ካቴተር ከቆዳ በቀጥታ ወደ ደም መልስ ይገባል። ቋሚው፣ ብዙዎች ፐርማካት የሚሉት፣ ከደረት ቆዳ ገብቶ ከቆዳ ሥር ጥቂት ተጉዞ ነው አንገት ላይ ወደ ደም ሥር የሚዘልቀው። ከቆዳው ሥር ባለው ክፍሉ ላይ ጨርቅ መሰል ቀለበት አለው፤ በ3 እና በ4 ሳምንት ገደማ የሰውነት ሥጋ ወደ ቀለበቱ ውስጥ አድጎ ካቴተሩን ያጸናዋል፣ በውጭ ገጽ ተንሸራትቶ የሚመጣውንም ባክቴሪያ ያግዳል። ማለትም የቆዳው በር በከፊል ይዘጋል፤ የአፉ በር ግን እንደነበረ ነው። መጠኑ ለጊዜያዊው 4.8፣ ለቋሚው 1.6 ነው።

ይህን ወደ ሰው ቁጥር እንመልሰው። 100 ሰዎች ለ60 ቀን እጥበት ቢደረግላቸው 6000 የካቴተር ቀን ይሆናል። በጊዜያዊው 29 ያህል የደም ኢንፌክሽን ይጠበቃል፣ በቋሚው 10 ያህል። ጊዜያዊውን ገዝቶ ሁለት ወር ማቆየት ቁጠባ የሚመስለው እስከ መጀመሪያው ብርድ ብርድ ማለት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኝታ፣ የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ)፣ ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክና አዲስ ካቴተር ይከተላሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ እጥበት እንደሚያስፈልገው ለታወቀ ሰው ከመጀመሪያው ቋሚውን መትከል በአብዛኛው ርካሹ ምርጫ ነው። ኩላሊቱ በጥቂት ቀናት እንደሚያገግም ተስፋ ለሚደረግለት፣ ለምሳሌ በከባድ ተቅማጥ ፈሳሽ አጥቶ ለመጣ ወጣት፣ ጊዜያዊው ይበቃል።

ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ካቴተር የሌለበት መንገድ ነው። ፊስቱላ የክንድ ደም ቅዳ ከደም መልስ ጋር በቀዶ ሕክምና የሚጋጠምበት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከኒው ዮርክ ለዓለም የተገለጠ ዘዴ ነው። በእጥበት ሰዓት መርፌ ይገባል፣ ሲያልቅ ይወጣል፤ ባክቴሪያ የሚሠፍርበት ፕላስቲክ በደም ሥር ውስጥ አይቀርም። ችግሩ ጊዜ ነው። ለመብሰል ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ሳይበስል የሚቀርም አለ። ሰው ሠራሽ ቱቦ ከቆዳ ሥር የሚቀበርበት ግራፍት ቶሎ ለሥራ ይደርሳል፤ በኢንፌክሽን ረገድ በፊስቱላና በካቴተር መካከል ነው። በተግባር ሲታይ ለብዙው ታካሚ መንገዱ አንድ ነው፦ ዛሬ ቋሚ ካቴተር፣ በዚያው ሳምንት የፊስቱላ ቀጠሮ። ንቅለ ተከላ ለሚጠብቁትም፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረውን አገልግሎት ተስፋ ላደረጉት ጭምር፣ ይኸው ይሠራል። እስከዚያው የማይሠሩበትን እጅ ደም ሥር ማዳን ያስፈልጋል፤ ነርሷ ደም ልትቀዳ ስትመጣ «ሲስተር፣ ይኼን እጅ ለፊስቱላ ነው የያዝነው፣ ከእጄ ጀርባ ቅጂልኝ» ማለት የታካሚው መብት ነው።

*ከቆዳ ሥር የሚቀበር ፖርት።* ካቴተሩ ከቆዳ ሥር ከተቀበረች፣ በጎማ ከተከደነች ትንሽ ሳጥን ጋር የተያያዘበት ነው። መጠኑ 0.1 ነው፤ በመርፌ ካልተወጋ በቀር ሁሉ ነገሩ ከቆዳ ሥር ስለሆነ ሁለቱም በሮች ተዘግተው ይቆያሉ። ለወራት በየሦስት ሳምንቱ የካንሰር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የተመቸ ነው። የሚወጋበት ልዩ መርፌ የግድ ነው፤ ተራ መርፌ የፖርቱን ጎማ እየፈቀፈቀ ያበላሸዋል። ሥራ ላይ በማይውልበት ጊዜም በየወሩ ገደማ መታጠብ አለበት። ልዩ መርፌው በሚኖሩበት ከተማ በቋሚነት የማይገኝ ከሆነ፣ ፖርት ከመቅበር በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ያሻል። በየቀኑ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ሰውም አይመቸውም፤ መርፌው ሳይነቀል የሚሰነብት ከሆነ የተዘጋው በር ተከፍቷልና።

የተሠራበት ነገር፣ ቅቡና ማሸጊያው

ጨረታ ለሚያወጡ ሰዎች በአጭሩ። ከፒቪሲና ከፖሊኢታይሊን የተሠሩ ካቴተሮች ከቴፍሎንና ከፖሊዩሪቴን የበለጠ ኢንፌክሽን ያመጣሉ፤ ሰነዱ ላይ «ፖሊዩሪቴን» ብሎ መጻፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል። ፖሊዩሪቴን ሲገባ ጠንከር ያለ፣ በሰውነት ሙቀት ለስለስ የሚል ነው፤ አልኮል ውስጡ ለረጅም ጊዜ ቢቀመጥበት ግን ሊዳከም ይችላል። ሲሊኮን ለደም ሥር ለስላሳ ቢሆንም፣ ለስላሳነቱ ከባክቴሪያ አያድነውም።

ክሎርሄክሲዲንና ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባሉ ባክቴሪያ ገዳዮች የተቀባባቸው ካቴተሮች 1.6፣ ሚኖሳይክሊንና ሪፋምፒን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ያሉባቸው 1.2 አሳይተዋል፤ ካልተቀባው 2.7 ጋር ሲተያይ ቁም ነገር ነው። ሆኖም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ቅቡን ካቴተር የሚመክረው ከ5 ቀን በላይ ለሚቆይ ካቴተር፣ ያውም የተሟላ የመከላከያ ሥራ ተሠርቶ ኢንፌክሽኑ አልቀንስ ሲል ነው። ለክሎርሄክሲዲን አለርጂ ያለበት ሰውም ከባድ አደጋ ሊደርስበት ይችላል፤ በጃፓን እንዲህ ያለ ሁኔታ ተመዝግቧል።

ማሸጊያ የምንለው ከእጥበት በኋላ የካቴተሩ ውስጥ የሚሞላበትን ፈሳሽ ነው፤ በብዛት የሚውለው ሄፓሪን ነው። ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም፤ እንዲያውም በቤተ ሙከራ የስታፊሎኮከስ ኦሪየስን ባዮፊልም ሲያበረታታ ታይቷል። ታውሮሊዲን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ ከሄፓሪን ጋር የተቀላቀለበት ማሸጊያ በእጥበት ታካሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የደም ኢንፌክሽንን በ71 በመቶ ቀንሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ጀንታማይሲን በሚባል አንቲባዮቲክ ማሸግም ይጠቅማል፤ ውሎ አድሮ ግን መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ማፍራቱ ስለታየ ለሁሉም በየቀኑ የሚደረግ አይደለም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚስማማበት ጊዜ | የደም ኢንፌክሽን በ1000 ቀን | የሚያይለው በር | የማይሆንለት |
|---|---|---|---|---|
| ካኑላ | እስከ 5 ቀን | 0.5 | ቆዳ | የሚያቃጥል መድኃኒት |
| ሚድላይን | እስከ 14 ቀን | 0.2 | ቆዳ | የሚያቃጥል መድኃኒት |
| ፒክ | ከ6 ቀን እስከ ብዙ ሳምንታት | 1.0 በቤት፣ 2.1 በሆስፒታል | ቆዳና አፍ | የኩላሊት ሕመምተኛ |
| አጭር ማዕከላዊ ካቴተር | ቀናት እስከ 2 ሳምንት | 2.7 | ቆዳ፣ ቆይቶ አፍ | ወደ ቤት የሚሄድ ታካሚ |
| ጊዜያዊ የእጥበት ካቴተር | እስከ 2 ሳምንት | 4.8 | ቆዳና አፍ | ረጅም እጥበት |
| ቋሚ የእጥበት ካቴተር | ሳምንታት እስከ ወራት | 1.6 | አፍ | ፊስቱላ የበሰለለት ሰው |
| ፖርት | ወራት እስከ ዓመታት | 0.1 | መርፌው ሲገባ ብቻ | በየቀኑ የሚሰጥ ሕክምና |
| ፊስቱላ | ዓመታት | ካቴተር የለውም | መርፌው ሲገባ ብቻ | ዛሬውኑ እጥበት የሚሻ ሰው |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በጀቱ ጠባብ የሆነ ሆስፒታል ቅብ ካቴተር ከመግዛቱ በፊት ገንዘቡን በሌላ ቦታ ያውል። በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች አምስት ነገሮችን ብቻ በየጊዜው ሳያጓድሉ ሠሩ፦ እጅ መታጠብ፣ ሲተከል ሙሉ መከላከያ መልበስና መሸፈን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ብሽሽትን መተው፣ የማያስፈልግን ካቴተር መንቀል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ውጤት የክፍሎቹ መካከለኛ የደም ኢንፌክሽን መጠን በ1000 ቀን ሲለካ በሦስት ወር ከ2.7 ወደ 0 ወርዷል። ከአምስቱ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ቆዳ ማጽጃን በተመለከተ፣ በፈረንሳይ በተደረገ ጥናት 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በ70 በመቶ አልኮል የተጠቀሙት 0.28፣ ፖቪዶን አዮዲን በአልኮል የተጠቀሙት 1.77 ኢንፌክሽን በ1000 ቀን አይተዋል። ዎርዱ ውስጥ ቡናማው የፖቪዶን አዮዲን ጠርሙስ ብቻ ካለ፣ የመጀመሪያው የግዢ ጥያቄ መሆን ያለበት ክሎርሄክሲዲን በአልኮል ነው፤ ሁለተኛው ክዳን፣ ሦስተኛው የአልኮል ጥጥ።

የተሻለ አቅም ያለውና እነዚህን አሟልቶ ኢንፌክሽኑ ያልወረደለት ክፍል ቅብ ካቴተር ይጨምር። ቀዶ ሐኪምና አልትራሳውንድ ያለው የእጥበት ማዕከል ደግሞ ገንዘቡን ከካቴተር ወደ ፊስቱላ ቢያዞር ያተርፋል።

ለቤተሰብ የምመክረው የተለየ ነው። ቋሚ ካቴተር ያለበት ሰው ገላውን ሲታጠብ ከአንገት በታች በፎጣ ይታበስ እንጂ ቦታው ውሃ አይንካው፤ ጎዙ ከረጠበ በእጥበት ማዕከሉ ይቀየር። ካቴተሩን ለግሉኮስ ወይም ለደም ምርመራ የሚከፍት ሌላ ክፍል ካጋጠመ፣ ለእጥበት ብቻ መሆኑን ይናገሩ። ነርሷ አፉን ስትከፍት በአልኮል ለ15 ሰከንድ ያህል ስትወለውል ይመልከቱ፤ ካልወለወለች በትሕትና ያስታውሷት።

እጥበት በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት ከውጭ ቀዝቃዛ አየር የመጣ ነው ተብሎ በብርድ ልብስ መሸኘት የለበትም፤ በካቴተሩ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ከደሙ ጋር ተገፍቶ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል። ያን ጊዜ የሚቀረው ምርጫ ካቴተሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ነው። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም በተመሳሳይ ሰዓት ከካቴተሩም ከክንድም ይወሰድ፤ የካቴተሩ ካልቸር ከክንዱ በ2 ሰዓት ወይም በበለጠ ቀድሞ ከበቀለ ምንጩ ካቴተሩ ነው። የበቀለው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ወይም ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ከሆነ ካቴተሩ ይነቀላል፤ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ደም ሥር የማግኘቱ ነገር ምንም ያህል ቢያስቸግር። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ከሆነና ታካሚው ደኅና ከሆነ፣ በደም ሥር ከሚሰጠው ጋር ካቴተሩን በአንቲባዮቲክ እያሸጉ ለማዳን መሞከር ይቻላል፤ ወይም ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ በአሮጌው ውስጥ በተላለፈ መሪ ሽቦ ላይ በአዲስ ካቴተር መተካት።